ፀሐይ የማይሞቅ ባትሪ

ኦቦ ጂሬኛ ያለቁ የሬዲዮ ድንጋዮችን ቆርቆሮ ላይ ደርድረው ፀሐይ ሲያሞቁ፣ ተከራያቸው ሩሃማ ልብስ ልታሰጣ ብቅ አለች። ኤሌክትሪክ ተምራ አዲስ አበባ ኮምፒውተር የምትጠግን፣ ሱሉልታን በቀን ብርሃን የምታያት ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሆነች ልጅ ናት።

«አካም ቡልተኒ ኦቦ? ድንጋዮቹ ምን ሆኑ?»

«ደክመው ነው። ፀሐይ ሲነካቸው ነፍስ ይዘራሉ።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«ለዜና ይበቃሉ» አሉ፤ ለየትኛው ዜና እንደሆነ ግን አልተናገሩም።

ነገሩ የሬዲዮ ብቻ አልነበረም። ባለቤታቸው አዴ ገለቴ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ከቤት አይወጡም። ሽማግሌው ድርቆሻቸውን ሊያዩ ወደ ሜዳው ሲወርዱ እቤት ከአዴ ገለቴ ጋር የሚውለው ያ ሬዲዮ ነው።

«ሙቀቱ የቀረችውን ጭላጭ ያነቃቃል እንጂ አዲስ ጉልበት አይጨምርም» አለች ሩሃማ። «ሲያረጁም ውስጣቸው ያለው እየፈሰሰ ሬዲዮውን ይበላዋል። እኔ ጋ ከተበላሹ ላፕቶፖች የወጡ ባትሪዎች አሉ፤ ለክቼ ደህና ደህናዎቹን መርጫለሁ። ከፈቀዱልኝ ስምንቱን ጎን ለጎን አያይዤ ለአዴ ገለቴ አንድ ትልቅ ባትሪ ልሥራላቸው።»

«ልጄ፣ የፊተኛውን ሬዲዮ የመኪና ባትሪ አገናኝቼ ጢስ አድርጌዋለሁ። አንቺ ደግሞ ስምንት ልትሰኪበት ነው። የተማረ ሰው መቼም ማቃጠል ይወዳል።»

ያኔ ያቃጠለው የተማረ ሰው እንዳልነበረ ሩሃማ ልብ ብላለች፤ ታላቅ ስለምታከብር ግን በሌላ በኩል መጣች።

«መፍራትዎ ልክ ነው» አለች። «የመኪናው ባትሪ የኤሌክትሪክ ግፊት ሬዲዮው ከሚችለው በላይ ነው። ባትሪ አንዱ በአንዱ ራስ ላይ ሲቀጠል ግፊቱ ይደመራል። ጎን ለጎን ሲያያዝ ግን ግፊቱ የአንዱ ብቻ ነው፤ የሚጨምረው የሚቆይበት ጊዜ ነው። የነዚህ የአንዱ ግፊት ደግሞ ሬዲዮው ለምዶት ከኖረው ከሦስቱ ድንጋይ ጋር ይቀራረባል።»

ሽማግሌው ወደ ድርቆሹ ክምር አዩ።

«እንግዲህ እንዲህ በይኛ» አሉ። «ክምሩ ስለተለቀ ላሚቱ በቀን የምትበላው አይጨምርም። በጋውን ግን ታልፍበታለች።»

«እኔም ከዚህ የተሻለ አላስረዳም ነበር።»

ኦቦ ጂሬኛ የሚረቱት ነገሩን ራሳቸው ሲናገሩት ነው። በማግስቱ ሩሃማ ባትሪዎቹን እኩል ሞልታ አያያዘቻቸው። ከልክ በላይ እንዳይሞሉ፣ ጨርሰውም እንዳይራቆቱ የሚጠብቅ ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ጨመረችበት፤ በስልክ ቻርጀር እንዲሞላም አደረገችው።

«አንድ አደራ» አለች። «ይሄ ፀሐይ አይሞቅም፤ ሙቀት ከበዛበት እሳት ይሆናል። ሲደክም መብራት ባለ ሰዓት ይሰኩት።»

ሽማግሌው ቆርቆሮውን ከግቢው አነሱት።

ሰኞ ማታ ከሜዳ ሲመለሱ አዴ ገለቴ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጣሉ።

«ነገ ዝናብ አለ ብለዋል፤ ክምሩን አልብሰው» አሉ። «ከሰዓት በኋላም ስለ ከብት ክትባት አወሩ። ደስ የሚል ፕሮግራም ነው።»

«የከሰዓቱ ፕሮግራም መቼ ተጀመረ?»

«እሱማ ድሮም ነበር አሉ። የኔ ሬዲዮ ነው ከረፋድ የማያልፍ የነበረው።»

ኦቦ ጂሬኛ ኮታቸውን እንደያዙ ቆሙ።

«ከዚያ በኋላ ምን ትሠሪ ነበር?»

«የበሩን ድምፅ እጠብቅ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠዋት ጠዋት ለፍተህ ታሞቃቸዋለህ። ምን ልበልህ?»

ሽማግሌው አፈሩ፤ አዘኑም። ያን ሁሉ ከሰዓት አንድ ሰው በጨለማና በዝምታ ሲውል፣ እሳቸው ፀሐይዋን ሲያመሰግኑ ኖረዋል።

ከዚያ ወዲህ ለጎረቤቱ ሁሉ መካሪ ሆነዋል። የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት ድካም ነው፤ ከብት በሚግጥበት ሜዳ መጣልም ሣሩን መበከል ነው፤ አሮጌ የላፕቶፕ ባትሪ ለሚያውቅ ሰው ቢሰጥ ገና ያገለግላል፤ ሳያውቁ መነካካት ግን ቤት ያቃጥላል ይላሉ። ሩሃማን አንዴም አይጠቅሷትም፤ እሷም አልከፋትም።

«ለመሆኑ ምን ያህል ይቆያል?» ብሎ ለሚጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነው።

«እኔ ቤት እስክገባ።»