ሹሩባና እንዝርት

«የኔ ልጅ፣ እስቲ ትንሽ ጠጋ በይልኝ፤ ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎኛል» አሉ ሽማግሌው።

ጠጋ በይ የተባለችው «ልጅ» ዞር ስትል ጥቁር ጢም አላት። አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ። በሰው መሳቅ ነውር ነው እያልኩ ስንቱን ተማሪ ያንበረከክሁት እኔም፣ አፌን በክራቫቴ ጫፍ ሸፍኜ ሳቅሁ።

ይህ የሆነው ኢሕአዴግ አገር ከያዘ አሥር ዓመት ግድም ሲሆነው፣ ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ ስንጓዝ ነው። እኔ መሐል ሜዳ መምህር ነበርኩ። ሽማግሌው አቶ ወዳጆ ገብረ አማኑኤል ይባላሉ፤ ዘመሮ አካባቢ ገብስ የሚያርሱ፣ በግ የሚያረቡ፣ ሚስታቸው በቅርብ ዓመት ያረፉባቸው ሰው ናቸው። ይህን ሁሉ በምን አወቅህ ብትሉኝ፣ የእኛ አገር ሰው አጠገቡ የተቀመጠውን ዘሩን ሳይጠይቅ፣ የራሱንም ሳይነግር መንገድ አይጨርስም።

ወጣቱ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። ብድግ ብሎ ቦታውን ለቀቀላቸውና «ይቀመጡ አባቴ» አለ። ፀጉሩ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ ሹሩባ ተሠርቷል። አንገቱ ላይ ቀይ አበባ የተጠለፈበት የበግ ፀጉር ሻርፕ ጠምጥሟል። መልከ መልካም ልጅ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ሹሩባው አምሮበታል።

አቶ ወዳጆ ተቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ። «ዘመኑን አዩት መምህር? ከእንግዲህ ወንዱን ከሴት ለመለየት እንደ በግ ገልብጦ ማየት ሊያስፈልግ ነው!»

«ጢሙን ቀድመው ቢያዩት ኖሮ አይሳሳቱም ነበር» አልኩ።

«ፍየልስ ጢም አላት አይደል!»

ሳቁ እንደገና ተነሣ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ፊታቸው ላይ የእውነት ንዴት ነበር። «እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው» አሉ። «ደብረ ብርሃን ትልቁ ልጄ ዘንድ ሰንብቼ መመለሴ ነው። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? እፀገነትን፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራዋን የመጨረሻ ልጄን፣ አንድ የሴት ፀጉር የሚሠራ ሰው ሊያገባት እሑድ ሽማግሌ ይልካል። ሥራው ሴቶቹን መሥራት ብቻ ቢሆን እኮ ደግ! እሱም እንደነሱ ተሠርቶ ይዞራል አሉ። ሽማግሌዎቹን ከደጄ ልመልሳቸው ነው የምገሰግሰው። የወዳጆ ልጅ ለሹሩባ አትዳርም!»

ወጣቱ የወንበሩን ብረት ጨብጦ ቆሞ ነበር። የእፀገነት ስም ሲነሣ ፊቱን ወደ ሽማግሌው መለሰ፤ ያን ጊዜ ግን ምክንያቱን አላወቅሁም።

ከመዘዞ አለፍ እንዳልን የኋላ ጎማ ፈነዳ። ትርፉ ጎማም ተንፍሶ ኖሯል። ረዳቱ ከአላፊ መኪና ጎማ ሊለምን መንገድ ዳር ቆመ፤ እኛም ወርደን ከድንጋይ ኋላ ከነፋሱ ተጠለልን። ወጣቱ ተከትሎን መጣና ከአቶ ወዳጆ ፊት ቆመ።

«አባቴ፣ በሰው ፊት እንዳላሳፍርዎ ብዬ ነው ውስጥ ዝም ያልኩት። መሳፍንት እባላለሁ። እፀገነትን የጠየቅሁት እኔ ነኝ።»

አቶ ወዳጆ ዱላቸውን ጨበጡ። እኔ ሊመቱት ነው ብዬ ተነሣሁ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። እሑድ እምቢ ማለት መብትዎ ነው። ግን ማንን እምቢ እንደሚሉ አውቀው ይሁን። የሚጠይቁኝን ሁሉ ይጠይቁኝ፤ እመልሳለሁ።»

ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት። ድፍረቱ ሳይገርማቸው አልቀረም፤ ዱላውን መሬት ላይ አጋደሙትና «ተቀመጥ» አሉ።

«እሺ፣ ከመጽሐፉ እንጀምር። ወንድ የሴት ልብስ አይልበስ ይላል። ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ አባቴ፤ ዲያቆን ሆኜም አገልግያለሁ። ቄሶቻችን በንግሥ ቀን የሚለብሱት ቀሚስ እስከ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል፤ ካባቸው ላይ በወርቅ ክር አበባ ተጠልፏል። የሴት ልብስ ለበሱ ያላቸው የለም። ሶምሶንም ቢሆን የራስ ፀጉሩ ሰባት ጉንጉን ነበር ይላል ያው መጽሐፍ።»

«እሱማ ለእግዚአብሔር የተለየ ሰው ነው! አንተ ሶምሶን ነህ?»

«ኧረ በጭራሽ! ጉንጉንና አበባ የሴት ብቻ ሀብት አይደለም ማለቴ ነው።»

አቶ ወዳጆ ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ ምነው ዝም አሉ? የተማረ ሰው ዝም ሲል የሆነ ነገር አለ።»

«እኔማ ምን እላለሁ ጋሽ ወዳጆ፤ ልብስን የሚያመጣውም የሚወስደውም ዘመን ነው። ይህን ከጋቢዎ ሥር ያለውን ኮት አያትዎ ለብሰውታል?»

«አያቴማ ቢያየኝ የፈረንጅ አሽከር መሰልክ ይለኝ ነበር።»

«ታዲያ ከወንድነትዎ ምን ጎደለ?»

«ምንም! ይችን አንገትዎ ላይ ያሰሯትን ጨርቅ ቢያይማ፣ ለገበያ የሚጎተት ሙክት ነው ብሎ ዋጋዎን ይጠይቅ ነበር!»

መሳፍንት አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። እኔም ክራቫቴን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ። መቼም ለማስተማር የተነሣ ሰው መሰደቡ አይቀርም።

«ቀልዱን እንተወውና» አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው ጠነከረ። «የእኛ አባቶች ወንዶች ነበሩ። አባቴ ገብረ አማኑኤል በጣሊያን ጊዜ ዱር ቤቴ ብሎ፣ በዚህ ገደል ስንቱን ጠላት አርበድብዷል! ከዱር ሲመለስ አስታውሰዋለሁ፤ ልጅ ነበርኩ።»

«ፀጉራቸው እንዴት ነበር አባቴ?» አለ መሳፍንት።

አቶ ወዳጆ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ገጠሙት። ቆይተው «ሹሩባ ነበር» አሉ። «ትከሻው ላይ ይወርድ ነበር። ጭኑ ላይ አስቀምጦኝ ጫፉን እየያዝኩ እጫወትበት ነበር።»

«በዱር ማን ይሠራቸው ነበር? ሴት አብራቸው ነበረች?»

«እነሱ ዘንድ ሴት አልነበረችም። ዳኜ የሚባል ጓደኛው ነበር፣ እጁ የተባረከ። ሁሉንም እሱ ነበር የሚሠራቸው።» ይህን ሲሉ ፊታቸው በራ፤ ወዲያው ግን ወዴት እየተመሩ እንደሆነ ገባቸውና ዱላቸውን አነሡ። «አንተ ልጅ! እነሱ እኮ ገድለው ነው! ሹሩባው የጀግና፣ የገዳይ ጌጥ ነው!»

«እንግዲያው አባቴ» አለ መሳፍንት ድምፁን ሳያነሣ፣ «እኔም ሰው ገድዬ ብመጣ ልጅዎን ይድሩልኛል ማለት ነው?»

ሽማግሌው ዱላውን መልሰው አጋደሙት።

«እነሱ አገር ተወርሮባቸው ገደሉ፤ ነፍሳቸውን ይማር፣ እነሱ ስለገደሉልን ነው እኛ ሳንገድል የምንኖረው» አለ ልጁ። «ግን በሰላም ጊዜ የተወለደ ወንድ ማማር አይፈቀድለትም? እጄ ደም አያውቅም። የሚያውቀው ቅቤና ማበጠሪያ ነው። ሙሽራ አስጊጬ እሸኛለሁ፤ ሐዘኗን የጨረሰች እናት መጥታ ‹እስቲ ሰው አስመስለኝ› ስትለኝ ሰው አስመስላታለሁ። ይህ ወንድነቴን የቱ ላይ ነካው?»

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ እኛም ራሳችንን እንጠይቅ። ደም ላፈሰሰ ጌጥ ፈቅደን፣ ፀጉር ላበጠረ የምንከለክል ሰዎች፣ የምናከብረው ምኑን ነው? ወንድነቱን ነው ወይስ ደሙን? እኔ ያን ቀን ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ስለ ራሴም ስለ አገሬም አፈርኩ።

አቶ ወዳጆ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «ይሁን። ሰውስ? አገሩ ይስቃል! እኔስ አርጅቻለሁ፤ ልጄ ገበያ በወጣች ቁጥር ‹የሹሩባው ሚስት› ሲሏት አንጀቴ አይቆረጥም?»

«ይህን እኔም ፈርቼ ጠይቄያታለሁ። ‹ሲስቁ አብረን እንስቃለን፤ ጤና ጣቢያ ባላቸው የደበደባቸውን ሴቶች ቁስል የማጥብ እኔ ነኝ፤ የአንዷም ባል ሹሩባ የለውም› አለችኝ።»

«አፏ!» አሉ አቶ ወዳጆ፤ ሳያስቡት ፈገግ አሉ። «ቁርጥ እናቷን!» ከዚያም እንደ ልመና ባለ ድምፅ፣ «ለእሑድ ብቻ ብትላጨው ምን አለበት? ከዚያ በኋላ እንደፈለግህ። እኔም አላፍርም፣ አንተም ሚስትህን ታገኛለህ።»

ልጁ ዓይኑ እንባ ሞላ። «እወዳታለሁ አባቴ። እሷን ማጣት እንዴት እንደሚያስፈራኝ እግዜር ያውቃል። ግን ተላጭቼ ብመጣ ልጅዎን የሚድሩት ለሌላ ሰው ነው፤ ፀጉሬ ሲያድግ አታለለኝ ይሉኛል። እምቢ ካሉኝም እኔን እምቢ ይበሉኝ።»

ነፋሱ በርትቶ የሽማግሌውን ጋቢ እየገለበ ያንቀጠቅጣቸው ጀመር። መሳፍንት ሻርፑን ከአንገቱ ፈትቶ ዘረጋላቸው።

«አበባ ያለበት? ወግድ!»

ነፋሱ ግን ክርክር አያውቅም። ጥቂት ቆይተው «ለጉልበቴ ነው እንግዲህ» ብለው ተቀበሉትና ጭናቸው ላይ አለበሱት። አልሸሹም ዞር አሉ! ወዲያው ጣቶቻቸው ክሩን ይዳብሱ ጀመር።

«ጥሩ ፈትል ነው። እናትህ ናት?»

«እኔ ነኝ የፈተልኩት። ጥልፉም የእኔ ነው።»

«የኔ ቤት ቆጥ ሙሉ የበግ ፀጉር ነው» አሉ ሽማግሌው ሻርፑን እያገላበጡ። «አመተሥላሴ፣ ባለቤቴ፣ ከሞተች ወዲህ የሚነካው የለም። ብል እየበላው ነው። እኔ ከገበያ የገዛሁትን ስስ ብርድ ልብስ ለብሼ ክረምቱን ጥርሴን ሳፋጭ ከረምኩ።»

«እና ለምን አልፈተሉትም?» አልኩ።

«እኔ? እንዝርት?»

«ታዲያ ብርዱ ወንድ ነው ብሎ ማረዎት?»

በሌላ ጊዜ ቢሆን በዱላ ይሉኝ ነበር። ያን ቀን ግን ዓይናቸውን ከሻርፑ ሳያነሡ፣ «ልጅ ሆኜ እኮ እፈትል ነበር» አሉ። «እናቴ ሥር ተቀምጬ። እንዝርቱ ሲሾር ደስ ይለኝ ነበር፤ እጄም ጥሩ ነበር። አባቴ አየኝና ነጥቆ እሳት ውስጥ ጣለው። ‹ወንድ ወልጄ ነበር› አለ።» ደግሞም ጨመሩ፤ «ያው ባለ ሹሩባው አባቴ።»

ጎማው ተገኝቶ ስንሣፈር ሻርፑ ጉልበታቸው ላይ ነበር። መሐል ሜዳ ደርሰን ሲወርዱ መልሰው ለልጁ ሰጡትና ፊታቸውን አኮሳትረው፣ «እሑድ ሽማግሌዎችህ ይምጡ። እሺ አላልኩም፤ ይምጡ ነው ያልኩት» አሉ።

መሳፍንት ስለለመነኝ ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ሆንኩ። አቶ ወዳጆ በክብር ተቀበሉንና፣ «ልጄን ጠይቄያታለሁ፤ እሺ ብላለች። እኔም እሺ ብያለሁ። የሙሽራው ፀጉር የሚያሳስበው ሰው ካለ መጀመሪያ የአባቴን ፀጉር ይውቀስ» አሉ። የወቀሰ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በሆነ ባልሆነው እቤታቸው እየሄድኩ እጠይቃቸው ጀመር። መጀመሪያ በሩን ዘግተው ይፈትሉ ነበር፤ ሳንኳኳ እንዝርቱን ከመደብ ሥር ሲደብቁ ይሰማኛል። ቀጥሎ በሩን ገርበብ አድርገው መፍተል ጀመሩ። ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ግን ደጃፋቸው ላይ፣ ፀሐይ እየሞቁ፣ አላፊ አግዳሚውን ሰላም እያሉ ሲያሾሩት አገኘኋቸው። ጎረቤታቸው አንድ ሰሞን ሳቀ፤ እሱም ሚስቱ የሞተችበት ነበርና ሌሊቱ ሲበርደው ሊማር መጣ። ከቆጥ ላይ ብል ይበላው የነበረ ፀጉር ልብስ ሆነ። ለብቻቸው ይተክዙ የነበሩ ሽማግሌዎች የእጅ ሥራና ጓደኛ አገኙ። ወንድ ልጅ እንዲህ ካልሆነ ተብሎ ስንት ደስታ፣ ስንት የተባረከ እጅ እሳት ውስጥ እንደተጣለ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የሰው ወንድነቱ በፀጉሩ አሠራርና በልብሱ አበባ የሚፈስ ቢሆን ኖሮ፣ መጀመሪያውኑ ወንድነት አልነበረም።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ሙሽራው በአዲስ ሹሩባ፣ ሙሽራዋም እሱ ራሱ በሠራላት ሹሩባ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ዘመድ በየተራ ስጦታውን ሲያቀርብ አቶ ወዳጆ አንድ ወፍራም የበግ ፀጉር ባና ዳሱ መሐል ዘረጉ። ሰው ሁሉ እየተነሣ ዳሰሰው።

«ኧረ ይህ እንዴት ያለ ፈትል ነው!» አሉ አንዲት አሮጊት። «የፈተለችው ሴት እጇ ይባረክ!»

«አሜን!» አሉ አቶ ወዳጆ። «ሴትዮዋ እኔ ነኝ!»

ዳሱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። አስቀድመው የሳቁት፣ እስኪያነቡም የሳቁት እሳቸው ነበሩ። ሳቁ ጋብ ሲል ዱላቸውን እየተመረኮዙ ወደ ሙሽሮቹ መቀመጫ ሄዱና ከመሳፍንት አጠገብ ቆሙ።

«የኔ ልጅ፣ እስቲ ትንሽ ጠጋ በልልኝ» አሉ፤ «ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎኛል።»