አውራጃው ያረጋግጥልን

ከሆሳዕና ወደ ፎንቆ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሸበቶ አስተማሪ ጎናቸው ላለችው ሴት ያማርራሉ።

«ለጡረታዬ የቅጥር ደብዳቤዬን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ብወስድላቸው አንቀበልም አሉኝ!»

«ምን ጎደለው ጋሼ?»

«ማህተሙ የአውራጃ ነው። አውራጃው ያረጋግጥልን ይላሉ።»

«አውራጃ ድሮ ቀረ አይደል እንዴ?»

«እኔስ ምን አልኩ! ‹መፍረሱን እናውቃለን፣ ግን የሰጠዎት መሥሪያ ቤት ይጻፍልን› አይሉኝም?»

«ኧረ በጌታ! የአውራጃው ቢሮ የት ነበር?»

«እዚያው ነበራ! ያኔ ደብዳቤውን የሰጡኝ በዚያው መስኮት ነው፤ ዛሬ የመለሱልኝም በዚያው መስኮት።»

«ታዲያ አሁን ምን ሊያደርጉ ነው?»

«አውራጃ ላቋቁም ነዋ!»

ቦርሳዬን ቀስ ብዬ ከፍቼ የሥራ ልምድ ደብዳቤዬን ማህተም አየሁት፤ የፈረሰው ክልላችን ስም አለበት።