አቶ ገሠሠ ተክለጻድቅና የበይሉል ማንግሮቭ

አባቶችና እናቶች፣ እድርተኞች፣ ከበይሉል ድረስ የመጣችሁ እንግዶች፣ ፀሐዩ ሳይበረታ የአቶ ገሠሠን ታሪክ ባጭሩ እንድትሰሙልን በቤተሰቡ ስም እንለምናለን።

አቶ ገሠሠ ከአባታቸው ከአቶ ተክለጻድቅ ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታየች ሀብቴ በ1938 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ተወልደው፣ ትምህርታቸውን እዚያው ተከታትለው፣ በ1958 ዓ.ም. በጭነት መኪና ተሳፍረው ወደ አሰብ ወረዱ። በመንግሥት ሆስፒታል በመጋዘን ጠባቂነት ጀምረው የግዢ ክፍሉ ኃላፊ እስከ መሆን ደረሱ፤ ወይዘሮ እታፈራሁንም አግብተው አይናለምንና ክብሩን ወለዱ።

እዚህ ላይ ግዢ ምን እንደሆነ ትንሽ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ አለዚያ የኒህ ሰው ድካም አይገባንም። መንግሥት ሲገዛ ከነጋዴዎች ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ ፕሮፎርማ ተሰብስቦ ርካሹ ያሸንፋል፤ ርካሹ ዕቃ የማንን ጓዳ አራቁቶ እንደመጣ ግን የሚጠይቅ የለም። ለሕሙማን ወጥ ቤት ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ማገዶ ከአሰብ በስተሰሜን በበይሉል የባሕር ዳርቻ፣ ሥሩን ጨው ውሃ ውስጥ ነክሮ የሚበቅለው ማንግሮቭ የሚባለው ዛፍ ነበር፤ ያውም የከተማችን የነዳጅ ማጣሪያ ነጭ ጋዝ እያወጣ።

አንድ ቀን እንጨት ሊረከቡ በይሉል ሲወርዱ፣ ዓሣ አጥማጁ አቶ ኑህ፣ «ገሠሠ፣ ዓሣ የሚፈለፈለው እዚህ ሥር ነው። ቆርጠህ ስትጨርስ ጫጩቱ የት ይደግ፣ አንተ ቢሮ ውስጥ?» ብለው አፌዙባቸው። አቶ ገሠሠ ስቀው ተመለሱ፤ እቤት ገብተው ግን እራት አልበሉም። ከዚያ ወዲህ፣ ዋጋ ማለት ዛሬ የሚከፈለው ብቻ ሳይሆን ነገ የሚጠፋውም ጭምር መሆኑን ለግዢ ኮሚቴው እያስረዱ፣ «ሰውዬ፣ ለዓሣ ነው እንዴ የተቀጠርከው?» እየተባሉ ሲቀለድባቸው ከርመው፣ በ1987 ዓ.ም. ወጥ ቤቱ በነጭ ጋዝ እንዲሠራ አደረጉ።

አልቆየም። በ1989 ማጣሪያው ሥራ ሲያቆም ነጭ ጋዝ ጠፋ፤ ሕሙማን ትኩስ ነገር ሳይቀምሱ ሰነበቱ፣ የማንግሮቩም ግዢ ተመልሶ ጠረጴዛቸው ላይ መጣ። እምቢ ብለው ሥራ መልቀቅ ይችሉ ነበር፤ የታመመ ሰው ጦሙን አያድርም ብለው ፈረሙ። ፈርመውም አልተደበቁም፤ በነጋታው በይሉል ወርደው ለአቶ ኑህ በገዛ አፋቸው ነገሯቸው። አቶ ኑህ መረባቸውን አንሥተው ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ የጉበት ሕመም ጣላቸው። እዚያው ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ የሚቀርብላቸውን ሾርባ፣ በምን እንደበሰለ ስለሚያውቁ፣ አልቀምስም እያሉ ወይዘሮ እታፈራሁን ያስለቅሱ ነበር። በተወለዱ በ52 ዓመታቸው፣ ጥቅምት 14 ቀን 1990 ዓ.ም. ዐረፉ።

በልቅሶዬ ማንግሮቭ እንዳይነድ ብለው ስለተናዘዙ፣ ሌላ ማገዶም ስላልተገኘ፣ ድንኳኑ ውስጥ የሚቀርብላችሁ ተምርና ውሃ ነው፤ ንፍሮ እንኳ አልተቀቀለም፤ ቅር እንዳትሰኙብን። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና በደሴ ያሉ አንዲት እህታቸውን ትተው ሄደዋል። የፈረሙት ግዢ ግን አልቆመም፤ ዛሬ ጠዋትም እንጨት የጫነ ጀልባ ገብቷል። አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ አቶ ኑህ ናቸው፤ ይቅር ብለዋቸው እንደሆነ ለመጠየቅ ከቤተሰቡ የደፈረ የለም።

እግዚአብሔር ያቺን ፊርማ ይቅር ብሎ ነፍሳቸውን በአብርሃም ዕቅፍ ያሳርፍልን።