«ውረዱላት»

(ደሴ፤ ከቁልቁለቱ አናት ካለው የለስላሳ መጠጥ ማከፋፈያ ደጃፍ፣ ትናንት ቀለም የተቀባች አሮጌ የጭነት መኪና ቁልቁለቱ ላይ ተጋጭታ ተመልሳ፣ አፍንጫዋ ተጨፍልቆ ቆማለች፤ ወጣቱ ባለቤቷ እንድሪስና ከአባቱ ጊዜ ጀምሮ የሚነዳት ሽማግሌው ይመር ፊት ለፊት ተፋጠዋል።)

እንድሪስ፦ ግድግዳው አልታየዎትም? ስንት ዘመን የቆመ የድንጋይ አጥር ዛሬ ተነስቶ መንገድ ላይ ወጣብዎት?

ይመር፦ ታይቶኛል። አይቼ ነው የገባሁበት።

እንድሪስ፦ አይተው!

ይመር፦ አዎ፣ አይቼ! መሪውን በሁለት እጄ ጠምዝዤ!

እንድሪስ፦ ጋሽ ይመር፣ ይሄ የቀልድ ሰዓት አይደለም። ግማሹ ሳጥን አስፋልት ላይ ተበትኗል። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የፈሰሰውን የብርቱካን ለስላሳ እየረገጠ ይጫወታል። ነገ የሐጂ ሙሄ ልጅ ሠርግ ነው፤ ሙሽራው ውሃ ይጠጣ?

ይመር፦ ይጠጣ! ውሃ ጠጥቶ የሞተ ሙሽራ አላየሁም።

እንድሪስ፦ ቀለሟስ? ገና በወጉ ሳይደርቅ!

ይመር፦ እሱን ቀለም አታንሳብኝ። ሌላ የፈለግከውን ተናገር፣ እሱን ቀለም ግን አታንሳብኝ!

እንድሪስ፦ ቀለሙ ምን አደረገዎት? የፋብሪካው ሰዎች ሊመጡ ነው። አሮጌ መኪና የያዘ አከፋፋይ ውሉን ይነጠቃል ብለዋል። ዝገቷን ይዤ ልቀበላቸው?

ይመር፦ ፍሬኗን አሠራ አልኩህ። ክረምት ሳይገባ አልኩህ፣ ክረምት ሲወጣ አልኩህ። አንተ ቀለም ቀቢ ጠራህ! እግሯ የተሰበረውን ዓይኗን ኩለህ ላክሃት።

እንድሪስ፦ ፍሬኗ እንደሆነ ድሮም እንዲሁ ነው። ደጋግመው እየረገጡ፣ በማርሽ እየያዙ እስከ ዛሬ ነድተዋታል። በዚህች መኪና ሰው ተነክቶ ያውቃል?

ይመር፦ አያውቅም።

እንድሪስ፦ ታዲያ!

ይመር፦ ታዲያ እኔ መሰልኩህ የነዳኋት? ከተማው ነው የነዳት! ስሟ ማነው?

እንድሪስ፦ የማን?

ይመር፦ የመኪናዋ! ደሴ ምን ብሎ ነው የሚጠራት?

እንድሪስ፦ «ውረዱላት» ነዋ።

ይመር፦ ለምን?

እንድሪስ፦ እኔ ምን አውቄ! ሕዝቡ ስም ማውጣት አይሰለቸው።

ይመር፦ አሳምረህ ታውቃለህ። ያ ዝገታም አፍንጫዋ ከላይ ብቅ ሲል ገና ሱቅ ለሱቅ ይቀባበሉታል። «ከአስፋልት ውረዱላት! ውረዱላት መጣች!» ባለጋሪው ይወርዳል፣ ሊስትሮው ሳጥኑን ያነሳል፣ ትራፊኩ ራሱ ፊሽካውን ነፍቶ ሌላውን ያስቆምልኛል። ይኸው ነው ፍሬኗ፣ ሌላ ፍሬን የላትም! ዛሬ እንደ ቲማቲም አቅልተህ ሰደድካት፣ ማንም አላወቃት። «ውረዱላት» ያለ አንድ ሰው ጠፋ።

እንድሪስ፦ ክላክስ የለዎትም?

ይመር፦ እጄ እስኪዝል ነፋሁ። አዲስ መኪና ክላክስ ቢነፋ ማን ይደነግጣል? ይቆማል ብለው ነው። አንዲት ሴት ልጇን በእጇ ይዛ መሐል መንገድ ላይ! ቀና ብላ አየችኝ፣ አየችኝና ጉዞዋን ቀጠለች። ፍሬኑን ብረግጥ፣ ወለሉን ነው የረገጥኩት። በስተቀኝ አጥር ነበር፣ አጥሩን መረጥኩ።

እንድሪስ፦ ኧረ ተወኝ! አርጅቻለሁ በል። ዓይኔ ደከመ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ በል። ሴትዮ ምናምን እያልክ አታድርቀኝ!

ይመር፦ «አንተ»?

እንድሪስ፦ አዎ፣ አንተ!

ይመር፦ እሺ። በዚችው ጋቢና ጭኔ ላይ አስቀምጬ ትምህርት ቤት ያመላለስኩት ልጅ አንተ አለኝ። እሺ።

እንድሪስ፦ ቁልፉን አምጣ! ሌላ ሾፌር ጠርቻለሁ። መብራቷ ተሰበረ እንጂ ሞተሯ ደህና ነው። አሁን ተጭና ተመልሳ ትወርዳለች።

ይመር፦ በዚያው ቁልቁለት?

እንድሪስ፦ በዚያው!

ይመር፦ ቁልፉን አልሰጥም።

እንድሪስ፦ መኪናዋ የኔ ናት!

ይመር፦ ያንተ ናት። ቁልፉን አልሰጥም።

እንድሪስ፦ ፖሊስ ነው የምጠራው! ያቺንም ሴትዮ አብሬ ነው የማስይዛት። ማናት? መኪና እየመጣባት የማትሸሽ ቀውስ! ስሟን ንገረኝ፣ ቤቷ ሄጄ ባሏን ነው የማስከፍለው።

ይመር፦ ባሏን?

እንድሪስ፦ ባሏን! ሚስቱን መንገድ መሻገር ያላስተማረ ምን ዓይነት ባል ነው?

ይመር፦ መሻገርስ ታውቅበታለች። «ውረዱላት» ስትመጣ ከሁሉም ቀድማ ልጇን አቅፋ ሰው ደጃፍ ላይ የምትወጣው እሷ ነበረች። ዛሬ ግን አላወቀቻትም። ባሏ ቀለም ማስቀባቱን አልነገራትማ።

እንድሪስ፦ ባሏ ከኔ ቀለም ጋር ምን አገናኘው?

ይመር፦ እንዳልነግርህ ለምናኝ ነበር። ይደነግጥብኛል አለች። አንተ እዚህ ስለ ጠርሙስ እንደምትጮህ ብታውቅ ኖሮ አትለምነኝም ነበር።

እንድሪስ፦ ማን ናት የለመነችህ?

ይመር፦ ዘሀራ ናት፣ እንድሪስ። ሚስትህ። ኢክራምን ከትምህርት ቤት ይዛ ስትመለስ።

እንድሪስ፦ ምን?

ይመር፦ አልነካኋቸውም። ደህና ናቸው። ዘሀራ መንገዱ ዳር ተቀምጣ ታለቅሳለች። ኢክራም ግን ምኑም አልገባትም። ወደ ጋቢናው መጥታ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ጋሽ ይመር፣ አባዬ አዲስ መኪና ገዛ?»

እንድሪስ፦ ያ ረቢ! ምን አሏት?

ይመር፦ ምን ልበላት? አንተ ንገረኝ፣ ምን ልበላት?

እንድሪስ፦ (የመኪናዋን የተጨፈለቀ አፍንጫ በእጁ ይዳስሳል።)

ይመር፦ በል፣ ሾፌርህ ያውና እየመጣ ነው። ቁልፉም ይኸው። መኪናዋ የኔ ናት ብለሃል። ልስጠው?

እንድሪስ፦ አይስጡት። ጋሽ ይመር፣ ለማንም እንዳይሰጡት። ነገ የፋብሪካው ሰዎች መጥተውብኝ እኔ ራሴ ብለምንዎት፣ ለእኔም እንዳይሰጡኝ።