የማክሰኞው ፓስወርድ

— ሄሎ... አቤት እትዬ። ሥራ ላይ ነኝ፣ መሰላል ላይ ተሰቅዬ ኔትወርክ እየዘረጋሁ... ምነው ድምፅሽ? ዶክተሩ ደወለ?... ከአባባ የልብ መከታተያ ከማክሰኞ ወዲህ ምንም አልደረሰኝም አለ? ዛሬ እኮ ዓርብ ነው!

— ቆይ፣ አባባ እንዴት ናቸው?... ድክም ብሏቸዋል? ከመቼ ጀምሮ?... ታዲያ እንዴት አትነግሪኝም!

— እሺ፣ እሺ፣ አታልቅሺ። አልጋቸው አጠገብ ያለችውን ሳጥን እይልኝ። አረንጓዴው በርቷል?... እሱ ኤሌክትሪክ አላት ማለት ብቻ ነው። ከሥሩስ?... ቢጫ፣ ብልጭ ድርግም? ዋይፋይ አላገኘችም።

— አውቃለሁ፣ ስልክሽ ላይ ሲግናሉ ሙሉ ነው። እሱ ስልክሽ ከራውተሩ ጋር መገናኘቱን ነው የሚነግርሽ። ስልክሽ ፓስወርዱን ያውቃል፤ ሳጥኗ ግን...

— ቆይ... ከማክሰኞ ወዲህ ነው ያልሽው?

— እትዬ፣ ማክሰኞ ጎረቤት ዋይፋያችንን ጨረሰብን ብዬ ፓስወርዱን ቀየርኩት አይደል? በየስልካችሁ አስገባሁ... አዎ፣ ቴሌቪዥኑም ላይ። ቴሌቪዥኑን አስታውሼ እሷን ረሳኋት! ወይኔ፣ ይሄ እኮ ሥራዬ ነው!

— አለቃ፣ መሰላሉን ያዝልኝ፣ ልውረድ!

— ትሰሚኛለሽ? ጎኗ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭነሽ ያዢው... የዋይፋይ ስሞች መጡ?... የጎረቤትን አይደለም፣ የኛን! አሁን ፓስወርድ ትጠይቅሻለች፣ ጻፊ... ረጅም ነው፣ ምን ላድርግ፣ ማንም እንዳይገምተው ብዬ ነው። የመጀመሪያዋ ካፒታል ናት... አጥፊውና እንደገና። ቀስ ብለሽ፣ እህቴ።

— ገባ? ቢጫው ጠፋ?... ተመስገን! የሦስት ቀኑን አጠራቅማዋለች፣ አሁን ለዶክተሩ ትልክለታለች... እየደወለ ነው? አንሺው አንሺው፣ እኔ እጠብቃለሁ።

— አለቃ፣ ይቅርታ፣ ልሄድ ነው። አባቴ ናቸው... እኔ እንጃ፣ ገና አላወቅንም።

— ሄሎ? እትዬ? ምን አለሽ?... ልባቸው ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ሲዛባ ነበር?... አምቡላንስ ልኬያለሁ አለ? በቃ፣ አታስነሺያቸው፣ እንደተኙ ይሁኑ። በሩን ክፈቺው።

— አባባ ምን እያሉ ነው?... "ልጁ ሥራ ላይ ነው፣ አታስጨንቂው"?... ከትናንት ጀምሮ እንዲህ እያሉሽ ነው?

— እትዬ... ፓስወርዱን እኔ መቀየሬን አትንገሪያቸው። አይ፣ ንገሪያቸው... ተይው፣ ራሴ እነግራቸዋለሁ፣ ብቻ እስክደርስ... ዝጊው በቃ፣ አምቡላንሱ ሲደውል መስመሩ እንዳይያዝበት። ዝጊው እትዬ!