ከአሸዋ የነቀልኳቸው ፍላጻዎች

በኛ ዘመን፣ ስሙኝ እንጂ፣ በኛ ዘመን ቀስት የያዘ ሰው አፉን ይዘጋ ነበር። ከወሎ ተነስተን ፓዊ ስንሰፍር እኔ ገና ጢሜ አልበቀለም፣ እና አንድ የጉሙዝ ጎረቤት ነበረን፣ ቀስት ያስተማረኝ እሱ ነው። ታዲያ ያ ሰውዬ ምን ይለኝ ነበር? «ሰይድ፣ ቅረብ» ነው የሚለኝ። በቃ። «ገና ነህ፣ ቅረብ።» በሆዳችን እየተሳብን፣ ነፋሱን በፊታችን እየተቀበልን፣ አውሬው ሲያኝክ እስኪሰማን ድረስ እንቀርባለን፣ ሃያ እርምጃ ካልደረስክ ጅማቱን አያስነካህም። ለምን? ከሩቅ ከለቀቅክ አውሬው አይሞትልህማ! ቆስሎ ይሄዳል፣ ጫካ ገብቶ ሦስት ቀን ሲያቃስት ሰንብቶ ይሞታል፣ እና ያ ነውር ነው። ነውር! አቁስሎ የሰደደ ሰው ሰፈር ሲገባ ቀና ብሎ አይሄድም ነበር።

የዛሬዎቹስ? አይ የዛሬዎቹ! ደሜን ያፈላው ይሄ ነው፣ በየጁምዓው እዚህ ዐዚዚያ ሰፈር መጥቼ እናንተ ያገሬ ልጆች ላይ የምጮኸውም ለዚሁ ነው።

ከከተማው ዳር ያለውን የከፊሌን፣ የዐረብ አሠሪዬን፣ የመዝናኛ ግቢ ታውቁታላችሁ፣ እስቲራሃውን። በሩን እጠብቃለሁ፣ ቴምሩን አጠጣለሁ፣ ሚዳቋዎቹን እመግባለሁ፣ ዘጠኝ ናቸው። ስምንት። አሁን ስምንት ናቸው። ከፊሌ አቡ ናስር ክፉ ሰው አይደለም፣ ሐቁን ልናገር። ልጁ ናስር ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሱለይማኒያ ሰፈር ቪላ ውስጥ ያደገ፣ እና አንድ ቀን ትልቅ ሻንጣ ጭኖ መጣ። ቀስት ነው። ቀስት ስላችሁ ቀስት እንዳይመስላችሁ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ትንንሽ ጎማ አለው፣ መነጽር አለው፣ ምኑ ቅጡ! አጎቴ ለማለት አሚ ነው የሚለኝ፣ «አሚ ሰይድ፣ ክረምት ሲገባ ውጭ አገር ሄጄ አጋዘን ላድን ነው፣ እስከዚያ በዘጠና ሜትር እለማመዳለሁ» አለኝ። ዘጠና! «ልጄ፣ ለምን አትቀርብም?» ብለው ሳቀብኝ። «መቅረብማ ማንም ይቀርባል» አለኝ።

ታዲያ የኔ ሥራ ምን ሆነ መሰላችሁ? ወዲያኛው ጫፍ የአሸዋ ክምር አለ፣ የስፖንጁ ዒላማ እሱ ፊት ተተክሏል፣ እኔ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ እቀመጣለሁ። ስድስት ፍላጻ ይለቃል፣ «ያላ!» ይለኛል፣ ወጥቼ አያለሁ፣ በስልክ እነግረዋለሁ። እሱ በዚያ ሙቀት ዘጠና ሜትር አይራመድማ! የመጀመሪያው ቀን ባይ ስድስቱም አሸዋ ውስጥ ናቸው። «ስተዋል» አልኩት። «ስንቱ?» «ሁሉም።» ጆሮዬ ላይ ዘጋው። በሁለተኛው ቀንም «ስተዋል» አልኩት። በሦስተኛው ቀን ቀስቱን መሬት ላይ ጥሎ ሄደ፣ እና አባቱ ደወለ፦ «ሰይድ፣ ልጁን ለምን ታናድደዋለህ?» እኔ ነኝ ያናደድኩት! አሸዋውን የመታሁት እኔ ነኝ!

እና ያን ጊዜ ነው ይሄ ተማም፣ አዎ አንተ፣ ምን ትገለፍጣለህ፣ የቤታቸው ሾፌር ነኝ ብሎ ሊመክረኝ የመጣው። ምን አለኝ? ድምፁን ቀጠን አድርጎ፦ «ጋሽ ሰይድ፣ ኢቃማህን፣ የመኖሪያ ፈቃድህን፣ አባቱ የሚያድስበት ጊዜ ደርሷል፣ ለአንድ ስፖንጅ ብለህ ተርሂል ገብተህ ወደ አገር ልትጠረዝ ነው? ማሻአላህ በለውና ኑር። ዝም አይነቅዝም።» ዝም አይነቅዝም አለኝ! እኔ መች ዝም አልኩ ታዲያ፣ ዋሸሁ እንጂ!

በማግስቱ ስድስቱን ፍላጻ ከአሸዋው ነቀልኩ፣ በጨርቅ ጠረግኳቸው፣ እና በጀርባዬ ከልዬ አንድ በአንድ በእጄ ዒላማው መሃል ቀዩ ላይ ሰካኋቸው። አንዱን ትንሽ ወጣ አድርጌ ሰካሁት፣ እንዲታመን። አያችሁ ተንኮሌን? «ስድስቱም ገብተዋል፣ ማሻአላህ!» አልኩት በስልክ። «ፎቶ አንሳልኝ!» አለኝ፣ አነሳሁለት፣ ለጓደኞቹ ሁሉ ላከው። ከዚያ ወዲያ ልጁ እንዴት ወደደኝ! ምሳ ያመጣልኛል፣ ትከሻዬን ያቅፈኛል፣ «አሚ ሰይድ፣ አሚ ሰይድ» ነው። ሁለት ወር! ሁለት ወር ሙሉ እሱ አሸዋ ይወጋል፣ እኔ ስፖንጅ እወጋለሁ።

ከሚዳቋዎቹ አንዷ ሸጋ ትባል ነበር። ስሟን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እናቷ ስትወልዳት ሞተችና በጡጦ አሳደግኳት። ሌሎቹ ሰው ሲያዩ አጥሩን እስኪያናውጡ ይሸሻሉ፣ እሷ ግን ሰው ስታይ ወደ ሰው ነው የምትመጣው። እና አንድ ቀን ከአስር ሶላት በኋላ ናስር አራት ጓደኞቹን ይዞ መጣ፣ አባቱም መጥቶ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። «ጉዞው ሳምንት ቀርቶታል፣ ስፖንጅ ይብቃኝ፣ ዛሬ በሚዳቋ ልሞክር» አለ ናስር። አባቱም «ያላ፣ አንድ ብቻ፣ እራት ትሆነናለች» አለ። በረቱን ክፈት አሉኝ፣ ከፈትኩ፣ ስምንቱ ፈትለክ ብለው ጥግ ገቡ፣ አንዷ መሃል ሜዳው ላይ ቆመች። ማን ትመስላችኋለች? የማትሸሸዋ ናታ!

ሮጬ ሄድኩ። «ናስር፣ ልጄ፣ ሃያ እርምጃ ድረስ ቅረብና ልቀቅ።» ጓደኞቹ ሳቁ። እሱ ግራ ገብቶት አየኝ፣ ወላሂ አልተቆጣም፦ «አሚ ሰይድ፣ በዘጠና ሜትር ስድስቱም ገብተዋል ያልከኝ አንተ አይደለህ? ፎቶውን ያነሳኸው አንተ አይደለህ?» ታዲያ መናገር ያኔ ነበር! «ውሸቴን ነው፣ በእጄ ነው የሰካኋቸው» ማለት ምን ይከብዳል? በጓደኞቹ ፊት ግን አላሳፍረው አልኩ፣ ኢቃማዬም ታየኝ፣ እና «ልክ ነህ» ብዬ ዞር አልኩ። ልክ ነህ! ይሄን አፍ ነበር መውጋት!

ለቀቀው። ፍላጻው በታፋዋ በኩል ሆዷ ውስጥ ገባ። ሚዳቋ እንደዚያ ስትጮህ ሰምታችሁ አታውቁም፣ አትስሙ። እና ወዴት የሮጠች ይመስላችኋል? ወደ ጓደኞቿ አይደለም። ወደ እኔ! የኋላ እግሯን እየጎተተች መጥታ እግሬ ሥር ወደቀች፣ አድነኝ ነው የምትለው። ቢላዬን አወጣሁና ቢስሚላህ ብዬ ገላገልኳት። በዚሁ እጄ፣ ጡጦ በያዝኩላት እጄ። ከሥጋዋ አልቀመስኩም።

ናስር ቀስቱን እንደያዘ መጣ፣ ፊቱ አመድ መስሏል። «አሚ ሰይድ፣ ሁልጊዜ ይገቡ አልነበር እንዴ?» አለኝ። የእውነቱን ነው እኮ የሚጠይቀኝ! እና ነገርኩት፣ ሁሉንም፣ በአባቱም በጓደኞቹም ፊት፣ ከአሸዋ እየነቀልኩ እንደሰካሁ። አንዱ ጓደኛው ከት ብሎ ሳቀ። ናስር አልሰደበኝም፣ ቢሰድበኝ በወደድኩ፣ «እኔ እኮ አንተን ነበር የማምነው» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ።

አቡ ናስር «ለምን ዋሸኸው?» አለኝ። «ኢቃማዬን ፈርቼ» አልኩት። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ታድሷል! ከታደሰ ወር አልፎታል! «ልነግርህ ረስቼ ነው» አለኝ። ሰማችሁ? በእጄ ላለ ነገር ነው የሸጥኳት! በማን ልናደድ? በሱም ተናደድኩ፣ ባንተም ተናደድኩ ተማም፣ ልጁንም ቀበጥ፣ ሰነፍ ስል ከረምኩ። ቀበጡን ማን አሳበጠው ታዲያ? ማንም አልያዘኝም፣ ፍላጻውን የሰካው የኔ እጅ ነው።

ናስር ጉዞውን ትቶታል። አሁንም ወደ ግቢው ይመጣል፣ ከሃያ እርምጃ ይለማመዳል፣ ሰላም ይለኛል፣ ግን ፍላጻውን ራሱ ሄዶ ይነቅላል። ልነቅልለት ስነሳ «ኸላስ፣ በቃ፣ አንተ ተቀመጥ» ይለኛል። እንዲህ ያለ ስድብ አላህ አያሰማችሁ። ልክ ነው ደግሞ! ሰውን ላለማስቀየም ብለህ የምትዋሸው ውሸት፣ ጨዋነት መስሎህ ነው እንጂ ለሰውየው ንቀት ነው።

ምነው ተማም፣ አቀረቀርክ? ምን ነካህ?

— ጋሽ ሰይድ... የናስርን እህት መኪና የማለማምዳት እኔ አይደለሁ?

እና?

— መንጃ ፈቃዱን አውጥታለች፣ ግን ትልቁ መንገድ ላይ ስንወጣ መስታወት ሳታይ ነው መስመር የምትቀይረው። ሁለት ጊዜ መሪውን ነጥቄያታለሁ። እንዳይከፋት ብዬ «ማሻአላህ፣ ጎበዝ ሆነሻል» አልኳት። እናቷም ስትጠይቀኝ እንደዚያው አልኳት... እና ነገ ያለ እኔ እናቷን ይዛ ልትወጣ ነው።

ነገ? አንተ ሰውዬ! ታዲያ ምን ተቀምጠህ ታየኛለህ? ደውል! ቢያባርሩህ ያባርሩህ፣ አሁኑኑ ደውል፣ እዚሁ እኔ ፊት!