የኔታ ያረሟት ቃል

ጣልያን ባሕር ዳር ከገባ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። በዚያን ጊዜ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ቆመው ሲያወሩ ሦስተኛ ሰው ከመጣ ወሬያቸውን ወደ ዝናብና ወደ ከብት ይለውጡታል። ሰው ሁሉ ሰውን ይጠረጥር ነበር። የድጓው መምህር የኔታ መርስዔ ኀዘን ደግሞ ከሁሉም ይብሱ ነበር። አንድ ሰው እጅ ሲነሣቸው እንኳ «ይህ ሰው ዛሬ ምን ፈልጎ ነው ቀድሞ ሰላም ያለኝ?» ሳይሉ አያልፉም።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው በሐይቁ ዳር ወደ ቤታቸው ሲያዘግሙ ከሳሊህ ጋር ተገናኙ። ሳሊህ የታንኳ ሠሪ ልጅ ነው። ከጦርነቱ በፊት አዲስ አበባ ሄዶ አራት ዓመት ተምሯል፤ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋም አንዲት የቆዳ ኳስ ታቅፎ አገሩ ገባ። በዚያች ኳስ የእስላሙንም የክርስቲያኑንም ልጅ ሰብስቦ የኳስ ማኅበር አቋቋመ። ሜዳው የቤተ ክርስቲያኑ መሬት ስለ ሆነ የኔታ የማኅበሩ አባት ተባሉ፤ የተጫዋቾቹንም ስም በአንዲት ቁራጭ ብራና ላይ በገዛ እጃቸው ጻፉ።

የኔታ ይህን ያደረጉት ኳስ ወደው አልነበረም። እንዲያውም አንድ ጨዋታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጠው አይተው አያውቁም። ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ልጃቸው ሀብተ ሥላሴ ከሐይቁ ማዶ በደራ ጫካ ከአርበኞች ጋር ነበር። ጣልያን ሰው መሰብሰብን ሲከለክል ኳሱን የልጆች ነገር ነው ብሎ ተወው፤ ከጨዋታው በኋላ ታዲያ ሁለት ሦስቱ ተጫዋቾች ዓሣ እናጠምዳለን ብለው በታንኳ ይወጡና ለአርበኞቹ ጨውና መድኃኒት አድርሰው ይመለሱ ነበር።

«እንዴት ዋሉ፣ የኔታ?» አለ ሳሊህ፣ ይሰፋት የነበረችውን ኳስ ይዞ ብድግ ብሎ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እኔን ስትጠብቅ ነበር?»

«ኧረ የለም። ኳሷ ተቀድዳ ስሰፋ ነው። ግን እንኳን አገኘሁዎ። ነገ ጧት ልጆቹ ስለ ገብረ መስቀል ሊመክሩ ይሰበሰባሉ፤ ያለ እርስዎ ቃል የሚቆርጡት ነገር የለም።»

የኔታ ዙሪያቸውን ቃኙ። ሃያ እርምጃ ያህል ርቃ ዓሣ ከምታጸዳው ከሐቢባ በቀር ሰው አልነበረም።

ገብረ መስቀል እሳቸው ራሳቸው ድጓ ያስተማሩት ዲያቆን ነው። በሜዳው ላይ የሚያህለው አልነበረም፤ እሱ ኳስ ከያዘ ተመልካቹ ቀድሞ ያጨበጭብ ነበር። ዓምና ግን መንገድ የሚያሠራ አንድ ሀብታም ለሠራተኞቹ ቡድን ጫማና ዳቦ እሰጥሃለሁ ቢለው፣ ማንንም ሳይሰናበት ጎንደር ሄደ። ከስምንት ቀን በፊት ከስቶ ተመለሰና «ማኅበሩ ይቀበለኝ» ብሎ ለመነ።

«ስሙን ፍቄዋለሁ» አሉ የኔታ።

«በተፋቀ ብራና ላይ ደግሞ ይጻፍበት የለም?»

«ይጻፋል። ግን ቀለሙ ይፈስሳል። አንተ ይህን አታውቅም።»

«አላውቅም፣ የኔታ። የማውቀው እሱ ከሄደ ወዲህ አራት ጊዜ ተጫውተን አራት ጊዜ መሸነፋችንን ነው።»

«ስለ መሸነፍ መቼ አነሣሁ?» ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይህ ልጅ ገብቷል።»

በዚያ ዘመን «ገባ» ከተባለ ወዴት ተብሎ አይጠየቅም። ለጣልያን ገባ፣ እጁን ሰጠ ማለት ነው። የገባ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይገባም፤ የሚያውቀውን ሁሉ ይዞ ነው።

«መሄዱ ጥፋት ነው» አለ ሳሊህ። «ጫማ አማለለው፤ እኔም ተቀይሜዋለሁ። ግን ጫማ የወደደ ሁሉ ወገኑን ሸጠ ይባላል?»

«ታዲያ ለምን ከታንኳዎቹ መካከል ያድራል? ማን እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚመለስ ሊቆጥር አይደለም?»

«እናቱ ደጇን ዘግታበት ነው። የት ይደር?»

«እናት ያለ ምክንያት አትዘጋም።»

«ጀርባውንስ አይተውታል? ባንዳዎቹ የገረፉት ሰንበር ገና አልጠፋም።»

«ላኪው ብልህ ከሆነ ሳይገርፍ ይልከዋል ብለህ ነው?»

እንግዲህ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር መከራከር አስቸጋሪ ነው። ማስረጃ ሲቀርብላቸው የኔታ ማስረጃውን ትተው ያቀረበውን ሰው መመርመር ጀመሩ። ሳሊህን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ቆይ፣ አንተ ስለ እሱ ምን አገባህ? የሰፈርህ ልጅ አይደለም፤ ሃይማኖታችሁም ልዩ ነው። ጣልያን ለእናንተ መስጊድ አሠራለሁ ይላል አሉ። ማን ላከህ?»

ሳሊህ ወስፌውን መሬት ላይ አኖረ። ፊቱ ጠቁሮ ነበር። «ለሀብተ ሥላሴ ጨው የሚሄድበት ታንኳ አባቴ የሠራው ነው፣ የኔታ። ባለፈው ወር የቀዘፍሁትም እኔ ነኝ። እንዲህ ሲሉኝ ከፋኝ። መክፋቴንም የምነግርዎ ነገ ቂም እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው።»

የኔታ አፈሩ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ይቅር በለኝ፣ ልጄ። ያለኝ አንድ ልጅ ነው። ገብረ መስቀል አንዲት ቃል ቢተነፍስ የሀብተ ሥላሴን ራስ ገበያ ላይ ሰቅለው ነው የሚያሳዩኝ። እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትሁ።»

«እኔም ብያዝ የምሰቀለው እዚያው ነው። ስለዚህ ነው ነገሩን ጠንቅቀን እንጠይቅ የምልዎ። በተማርሁበት ቤት አንድ ልጅ በሌላው ላይ ክስ ሲያመጣ፣ መምህራችን መጀመሪያ ያየውን ሰው አስጠርተው ቃሉን ከአፉ ሳይሰሙ አይፈርዱም ነበር። ገብቷል ብሎ የነገረዎ ማን ነው?»

«ያችውልህ፣ ሐቢባ ናት። ለእሷ ወንድሟ ዩሱፍ ነገራት። ዩሱፍ ጎርጎራ ጭነት አድርሶ ጎንደር ወጥቶ ነበር፤ በዓይኑ አይቶ ነው።»

«እንግዲያውስ ቅርብ ናት፤ እንጠይቃት።»

«ምን አስፈለገ? በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የእኔን ጆሮ ታውቀዋለህ፤ ተማሪ ዜማ ሲስት ከደጀ ሰላም ሆኜ አውቅበታለሁ።»

«ጆሮዎን አልጠረጠርሁም» አለና ሳሊህ ሐቢባን ጠራት።

ሐቢባ እጇን በውሃ ተለቃልቃ በቀሚሷ እያደረቀች መጣች። የተጠየቀችውን ስትሰማ ዓይኗን አፍጥጣ የኔታን አየቻቸው።

«ኧረ እኔ ገባ አላልሁም፣ የኔታ። ዩሱፍ እንዳለኝ 'ጎንደር ከባንዳዎቹ ጋር ሁለት አገባ' ነው ያልሁዎ። እርስዎ ተቆጡኝ። 'ዲያቆን ሁለት አያገባም፤ ሥርዓቱ አይፈቅድለትም። ከባንዳዎቹ ጋር ገባ ለማለት ነው፤ ሁለት ያልሽው ትርፍ ቃል ነው' አሉኝ። የእናንተን ሥርዓት እኔ ከየት አውቄ? ልክ ይሆናሉ ብዬ ዝም አልሁ።»

ሳሊህ መጀመሪያ አልገባውም። ኋላ ግን ሳቁ መጣበት፤ የየኔታን ፊት ሲያይ ግን መልሶ ዋጠው።

«የኔታ፣ ሁለት ጎል ነው። ኳሷን በሁለቱ እንጨት መካከል ላሳለፈ ሰው 'አገባ' እንላለን። ከባንዳዎቹ ቡድን ጋር ተጫውቶ ሁለት ጊዜ አገባባቸው ማለት ነው። ቅድም 'ምን አገባህ' ሲሉኝ እኮ ስለ ሚስቴ ጠየቁኝ አላልሁም፤ ቃሉን ከነአገባቡ ሰማሁት እንጂ።»

«ለዚያም ነው የገረፉት» አለች ሐቢባ። «በነጋታው ነው የያዙት። ሁለት ወር አስረውታል፤ ዩሱፍ ሲገርፉት ቆሞ አይቷል። ይህን ልነግርዎ ስል ነው እርስዎ ያቋረጡኝ።»

የኔታ አርባ ዓመት ሙሉ መጻሕፍት ሲያርሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ጸሐፊ የሳታትን ፊደል ፍቀው፣ የተረፈችውን ቃል አውጥተው ያቃናሉ፤ ጸሐፊውን ግን አይጠይቁም፤ ጸሐፊው ከሞተ መቶ ዓመት አልፎታል። ሐቢባ ግን አልሞተችም ነበር። የኔታ ያቺን ቀን የሆነውን አሁን አንድ በአንድ አስታወሱት፤ ያረሙትን ቃል እንደ ሰሙት ቃል አድርገው ሲያወሩ የሰነበቱት ራሳቸው ነበሩ። ዓይናቸውን ከመሬት ማንሣት አቃታቸው።

ቢሆንም ጥርጣሬ በአንድ ጊዜ አይለቅም። ሐቢባ ወደ ዓሣዋ ስትመለስ «በእስር ቤት አባብለውት እንደ ሆነስ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ሊሆን ይችላል፤ እኔም አልምልለትም» አለ ሳሊህ። «ኳስ ይጫወት፤ ታንኳ ግን ለጊዜው አይሳፈር። ሰውን ማመንና ሁሉን ነገር ማሳየት ይለያያል። ብናባርረው ግን የት ይሄዳል? እናቱ ዘጋችበት፣ እኛም ዘጋንበት፤ የቀረው ክፍት ደጅ የጣልያን ብቻ ነው። ያልገባውን ልጅ እኛው ገፍተን እናስገባዋለን። ጣልያንም ሰላይ መቅጠር ሳያሻው እኛው እርስ በርሳችን ስንበላላ ይስቃል። አንድ ደንብ ይጻፉልን፣ የኔታ። በሰው ላይ ክፉ የሰማ ተናጋሪውን አግኝቶ ሳይጠይቅ ለሌላ አያሳልፍ። ይህን ካደረግን እውነተኛው ሰላይ ሲመጣም እንለየዋለን፤ አሁን ግን ሁሉን ስለምንጠረጥር ማንንም አንለይም።»

የመጨረሻዋ ነገር ነበረች የየኔታን ልብ የነካችው። ልጃቸውን እጠብቅበታለሁ ያሉት ጥርጣሬ ለካ ጠላትን ከወዳጅ ቀላቅሎ ዓይናቸውን አጥፍቶት ነበር።

«ልክ ነህ» አሉ። «እኔ መምህር ሆኜ አንተ አስተማርኸኝ። ነገ ጧት ብራናውን ይዤ እመጣለሁ።»

እንዳሉትም መጡ። በተፋቀው ቦታ የገብረ መስቀልን ስም መልሰው ጻፉ፤ ቀለሙ ጥቂት ፈሰሰ፣ ግን ይነበባል። ከሥሩ ሳሊህ ያለውን ደንብ ጻፉ፤ ተጫዋቾቹም በአንድ ቃል ተቀበሉት። «ለገብረ መስቀል እኔ ራሴ እነግረዋለሁ፤ ሌላ ሰው አይቅደመኝ» አሉ የኔታ።

የቀረው ያወሩትን ወሬ መመለስ ነበር። ቃሏ ስትወጣ በአንድ ቅዳሴ መውጫ፣ በደጀ ሰላም ቆመው የነገሯት ናት። በዚያው ደጀ ሰላም ቆመው «አልገባም» ማለት ግን አይችሉም፤ ጣልያን ቢሰማ ልጁን መልሶ ያስረዋል። ስለዚህ በዚያ እርጅናቸው መቋሚያቸውን ይዘው በየቤቱ እየዞሩ በጆሮ መንገር ሆነባቸው። አሥራ አራት ቤት ገቡ። አንዳንዱ አመነ፤ አንዳንዱ ግን ከወጡ በኋላ «የኔታን ደግሞ ማን ልኳቸው ነው?» አለ። እሳቸውም ይህን ያውቁ ነበር፤ እንዲህ መጠርጠርን ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው።

የገብረ መስቀልን እናት የእናትዓለምን ቤት ሆን ብለው ወደ መጨረሻ ገፍተውት ነበር። በዚያው ቅዳሜ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ደረሱ። እናትዓለም ጥጥ እየፈተለች ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማች። እንዝርቷ ቆመ።

«ሦስት ቀን ከደጄ ቆሞ 'እማዬ' ሲለኝ ዝም አልሁት» አለች። «በአራተኛው ቀን አልመጣም። የኔታ ያልሆነ ነገር አይናገሩም ብዬ ነው። ቃሉን እርስዎ አረሙት፤ ይሁን። ይህን ግን ማን ያርምልኛል?»

«በደልሁሽ፣ እናትዓለም። እሱንም በድያለሁ» አሉ የኔታ።

እሷም ብዙ አልጠበቀችም። ነጠላዋን አንሥታ ወጣች፤ የኔታም ተከተሏት። ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ግን ቆመች፤ ሃምሳ የሚሆኑ ታንኳዎች ለመድረቅ ቆመው ነበርና ልጇ ከየትኛው ሥር እንደሚያድር አላወቀችም።

የኔታ ግን ያውቁ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሲሰልሉት የሰነበቱ እሳቸው ነበሩ። አንገታቸውን ደፍተው ከፊት ከፊቷ ሄዱ።